ቦሎ ከመስታወቱ ላይ ሲነሳ፦ በብሪታንያ ያገለገለች ፕሪየስ የሚገዛ ሰው ዓመታዊ ግብር

አገር ቤት መኪና የያዘ ሰው ሁሉ «ቦሎ»ን ያውቃል። መኪናዋ ዓመታዊ ምርመራ አልፋ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ተከፍሎላት፣ ከፊት መስታወቷ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው። ቃሉ የጣልያን ነው፤ ጣልያኖች ዛሬም ዓመታዊውን የመኪና ግብር በዚሁ ስም ይጠሩታል። ለንደን ወይም ሊድስ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሄደ ኢትዮጵያዊም ዓይኑ መጀመሪያ ወደ መስታወቱ ቢሄድ አያስገርምም። እዚያ ግን የሚታይ ነገር የለም። ብሪታንያ ከጃንዋሪ 1921 ጀምሮ ከመስታወት ላይ የምትለጥፈውን ክብ ወረቀት ኦክቶበር 1 ቀን 2014 አስቀርታዋለች። (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የክፍያ ልኮቹ ደግሞ ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 እስከ ማርች 31 ቀን 2026 ላለው ዓመት የወጡት ናቸው፤ «ዛሬ» የምንለውም ያንኑ ዓመት ነው።)

የምናየው ጉዳይ ይህ ለውጥ በአንድ ያገለገለ መኪና ሽያጭ ላይ የሚያስከትለው ነው። መኪናዋን ቶዮታ ፕሪየስ ያደረግነው በምክንያት ነው፤ ሚኒካብ (ቀድሞ ተይዞ የሚጠራ ታክሲ) በሚነዱ ወገኖቻችን ዘንድ የተለመደች ናት፣ የብሪታንያ የግብር ሕግም ከሁለት የሚከፍላት እሷኑ ነው።

በ2014 የሆነው ወረቀት መቅረት ብቻ አልነበረም። በዚያው ቀን ሌላ ሕግ አብሮ ሥራ ላይ ዋለ፤ የተከፈለ ግብር ከመኪናዋ ጋር ለገዢ መተላለፉ ቀረ። ከዚያ በፊት ሻጭ «ስድስት ወር ቦሎ አላት» ብሎ ዋጋ ይጨምር ነበር፣ ገዢም ወረቀቱን በዓይኑ አይቶ ይስማማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሻጭ መሸጡን ለዲቪኤልኤ ባሳወቀበት ቅጽበት ግብሩ ይሰረዛል፤ ያልተነኩት ሙሉ ወራት ሒሳብ ለእርሱ ይመለስለታል፣ ገዢው ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። ዲቪኤልኤ ማለት ዌልስ ውስጥ ስዋንሲ ከተማ የሚገኘው የመንጃ ፈቃድና የተሽከርካሪ መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ነው።

መንግሥት ወረቀቱን ማተምና በፖስታ መላክ ሲቀር በዓመት 10 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ይቆጠባል ብሎ ነበር። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በየሁለት ዓመቱ መንገድ ዳር ታርጋ እያነበበ የሚያወጣው ቆጠራ የተከተለውን ያሳያል። በ2013 መንገድ ላይ ከተቆጠሩት ተሽከርካሪዎች ግብር ያልተከፈለባቸው 0.6 በመቶ ነበሩ፤ በዚህ ሳቢያ ሊታጣ የሚችለው ገቢ 35 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ተገመተ። በ2015 ቁጥሩ 1.4 በመቶ ደረሰ፣ የገንዘቡ ግምት ደግሞ 80 ሚሊዮን። በ2017 1.8 በመቶና 107 ሚሊዮን ሆነ። ከዚህ ከፊሉ በኋላ በውዝፍና በቅጣት ይሰበሰባል። ቢሆንም ከ2017ቱ ግብር አልባ መኪኖች ሲሶ ያህሉ ከቆጠራው በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ እጅ የለወጡ መሆናቸው የችግሩን ሥር ይጠቁማል። ሁሉም አጭበርባሪ ሊሆን አይችልም። ብዙው ሰው «ሻጩ ከፍሏል» ብሎ የነዳ ነው፤ ሻጩም በእርግጥ ከፍሎ ነበር። ቀድሞ የወሩ ስም ከመስታወቱ ላይ ያሳስብ ነበር፣ አሁን በአብዛኛው የሚያሳስበው ወደ አድራሻ የሚላክ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ አድራሻ የለወጠን ሰው አያገኘውም።

ወደ መጠኑ እንምጣ። ዓመታዊው ግብር በልማድ «ሮድ ታክስ» ይባላል እንጂ ገንዘቡ ለመንገድ ብቻ መዋሉ በሕግ ያበቃው በ1937 ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ተነዳ የሚለውም ጥያቄ አይነሳም። ቁርጡን የሚወስነው በቅድሚያ መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበችበት ቀን ነው፤ ጭስና የሞተር ስፋት የሚጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ከማርች 1 ቀን 2001 በፊት የተመዘገበች መኪና በሞተሯ ስፋት ትከፍላለች፤ እስከ 1549 ሲሲ ከሆነች 220 ፓውንድ፣ ከዚያ ካለፈች 360። ከማርች 1 ቀን 2001 እስከ ማርች 31 ቀን 2017 የተመዘገበች በአንድ ኪሎ ሜትር በምታወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ13 እርከን በአንዱ ትመደባለች። እስከ 110 ግራም 20 ፓውንድ፣ ከ111 እስከ 120 ግራም 35 ፓውንድ ነው። 121 ግራም ላይ ግን ዋጋው በአንድ ጊዜ ወደ 165 ይዘላል፤ ሽቅብ እየሄደ ከ255 ግራም በላይ ለሆነችው 760 ፓውንድ ይደርሳል። ከኤፕሪል 1 ቀን 2017 ወዲህ የተመዘገበች መኪና የመጀመሪያውን ዓመት በጭሷ መጠን ትከፍላለች፤ ይህን አዲስ ሲገዛ ነጋዴው ከዋጋው ጋር አብሮ ያስከፍላል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ጭሱ ቢበዛም ቢያንስም ሁሉም አንድ ዓይነት 195 ፓውንድ ይከፍላል።

ፕሪየስ ከሁለት የምትከፈለው እዚህ ላይ ነው። በ2016 የወጣችው አራተኛዋ ትውልድ በ15 ኢንች ጎማ 70 ግራም፣ በ17 ኢንች 76 ግራም ታወጣለች። ማርች 31 ቀን 2017 የተመዘገበችው እስከ ማርች 2025 ድረስ አንድም ሳንቲም አልከፈለችም፤ ዛሬ የምትከፍለው 20 ፓውንድ ነው። በማግሥቱ ኤፕሪል 1 የተመዘገበችው ግን ሞተሯም ባትሪዋም ጭሷም ያው ሆኖ 195 ትከፍላለች። ልዩነቱ በዓመት 175 ፓውንድ ነው፤ ልኩ እንዳለ ቢቆይ በአምስት ዓመት 875።

ገዢን የሚያሳስተው ታርጋው ነው። «17» የሚለው ታርጋ የተሰጠው ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31 ቀን 2017 ለተመዘገቡት ሁሉ ነው። ሁለት «17» ታርጋ ያላቸው ፕሪየሶች ጎን ለጎን ቆመው ቀለማቸውና የተነዱት ርቀት ቢመሳሰል እንኳ አንዷ የ20 ፓውንድ፣ ሌላዋ የ195 ልትሆን ትችላለች። «66» ታርጋ ግን ከሴፕቴምበር 2016 እስከ ፌብሩዋሪ 2017 ስለሆነ ያለ ጥርጥር ከኤፕሪል 1 መስመር በፊት ነው። የማርች 2017 «17» ታርጋ በብዛት ይገኛል። ገዢዎች ሕጉ ሳይደርስባቸው ሊቀድሙ ስለተሽቀዳደሙ በዚያ ወር ብቻ 562,337 አዳዲስ መኪኖች ተመዝግበዋል፤ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ወር አልነበረም። በኤፕሪል ቁጥሩ ወደ 152 ሺህ ወረደ። ስለዚህ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ቀኑን መጠየቅ ብቻ ነው። ቀኑ በሎግ ቡኩ ላይ፣ አገር ቤት ሊብሬ በምንለው ላይ ማለት ነው፣ ሰፍሮ ይገኛል። ሎግ ቡኩ እጅ ላይ ባይኖርም የመንግሥት ድረ ገጽ ውስጥ የተሽከርካሪ መረጃ ማጣሪያ አለ፤ ታርጋውን ብቻ ሲያስገቡለት የተመዘገበችበትን ወር፣ የጭሱን ግራም፣ ግብሩና የዓመታዊው ምርመራ ፈቃድ መቼ እንደሚያልቅ በነጻ ያሳያል።

ሕጉ ለምን እንዲህ ሆነ? በጭስ ልክ ማስከፈሉ መኪና አምራቾችን ጭስ ወደ መቀነስ ገፍቷቸው፣ ገቢው መፍሰስ ጀመረ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦስቦርን በጁላይ 2015 በጀት ላይ እንዳሉት፣ ሕጉ ሳይለወጥ ቢቀር በ2017 ከአዳዲስ መኪኖች ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ዓመት ምንም አይከፍሉም ነበር። ለግምጃ ቤቱ ምክንያቱ በቂ ነው። ሸክሙ ያረፈበት ቦታ ግን ትክክል አይመስለንም። ኪሎ ሜትሩን 230 ግራም የምታወጣ የ2008 ቤተሰብ መኪና ዛሬ 735 ፓውንድ ትጠየቃለች። ይህቺን መኪና የሚገዛው አቅሙ ያልፈቀደለት ሰው ነው፣ ግብሩም የመኪናዋን ዋጋ ሊጠጋ ይችላል። ይህንኑ ያህል የምታጨስ የ2018 መኪና ከሁለተኛ ዓመቷ ጀምሮ የምትከፍለው 195 ነው፤ ስትገዛ ከ40 ሺህ ፓውንድ በላይ ካልሆነች። በአሮጌዎቹም መካከል ሌላ መስመር አለ። ከ225 ግራም በላይ የምታወጣ መኪና ከማርች 23 ቀን 2006 በፊት የተመዘገበች ከሆነች 735 ወይም 760 ሳይሆን 430 ነው የምትከፍለው። ትልቅ አሮጌ መኪና የሚፈልግ ሰው ይህንን ቀን ቢይዝ ይጠቅመዋል።

ስለ 40 ሺህ ፓውንዱ አንድ ነገር መባል አለበት፤ ከፕሪየስ ወደ ትልልቅ መኪና የሚያድግ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነውና። ከኤፕሪል 2017 ወዲህ የተመዘገበች፣ የመጀመሪያ የዝርዝር ዋጋዋ ከ40 ሺህ ያለፈ መኪና ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ዓመቷ ድረስ ከ195ቱ ላይ በየዓመቱ 425 ፓውንድ ትጨምራለች። በድምሩ 620 ይሆናል። የሚታየው አምራቹ ያወጣው ዋጋ ነው፤ ተጨማሪ ዕቃዎችና ቫት ገብተውበት፣ ቅናሽ ሳይቀነስለት። ገዢው ዛሬ የከፈለው ዋጋ አይጠየቅም። ጁን 2021 የተመዘገበችን መኪና በ2025 በግማሽ ዋጋ የገዛ ሰው እስከ ጁን 2027 ድረስ ጭማሪውን መክፈሉ አይቀርም። የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ከፋዮች ሆነዋል። ከኤፕሪል 2017 እስከ ማርች 2025 የተመዘገቡት 195 ይከፍላሉ፣ የ425ቱ ጭማሪ ግን አይነካቸውም። «ኤሌክትሪክ ስለሆነች ነጻ ናት» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ይወቅ።

አሁን ሽያጩን እንከተል። ለስሌት እንዲመች መኪናዋ ጁላይ 2017 የተመዘገበች ፕሪየስ ትሁን። ሻጭ ሜይ 1 ቀን 2025 የዓመቱን 195 ፓውንድ በአንድ ጊዜ ከፍሏል፤ እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 2026 የሚያገለግል ማለት ነው። ሽያጩ ጁን 28 ቀን፣ ቅዳሜ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ለሻጩ ስንት ይመለስለታል የሚለው ነው። ተመላሹ የሚሰላው በቀሩት ሙሉ ወራት ነው፤ ቆጠራውም የሚጀምረው ዲቪኤልኤ ማሳወቂያውን ካገኘበት ቀን እንጂ መኪናዋ ከተሸጠችበት ቀን አይደለም። ሻጩ እዚያው ቅዳሜውን በኢንተርኔት ካሳወቀ ከጁላይ እስከ ኤፕሪል 10 ወር ይቀራል፤ 195 ለ12 ሲካፈል 16.25፣ በ10 ሲባዛ 162.50 ፓውንድ። ሎግ ቡኩን በፖስታ ልኮ ጁላይ 2 ቢደርስ ግን 9 ወር ብቻ ይቆጠርለታል፤ 146.25። በአራት ቀን መዘግየት 16 ፓውንድ ከ25 ሳንቲም ቀረበት ማለት ነው። ተመላሹ ያለ ማመልከቻ ይመጣል፤ ቼኩ የሚጻፈው በሎግ ቡኩ ላይ ባለው ስም፣ የሚላከውም እዚያ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። 8 ሳምንት ጠብቆ ያልደረሰው ሰው መጠየቅ አለበት።

ገዢው ደግሞ ጁን 28 ቀን ቢከፍልም ግብሩ የሚታሰብበት ከጁን 1 ጀምሮ ነው። ለሦስት ቀን ሙሉ ወር ይከፍላል። ለዚያው ጁን ሻጩም ከፍሏል፣ አልተመለሰለትም። መንግሥት አንዱን ወር ሁለት ጊዜ ሰበሰበ ማለት ነው፤ ይህ ስህተት ሳይሆን የሕጉ አሠራር ነው። ስለዚህ ለሻጭ የሚሻለው በወሩ መጨረሻ ማሳወቅ፣ ለገዢ የሚሻለው በወሩ መጀመሪያ መረከብ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ አለ። ጁን 30 ሻጭ በኢንተርኔት ያሳውቅ፣ መኪናዋ ከሻጭ ግቢ ውስጥ ትደር፣ ገዢው ጁላይ 1 ጠዋት ግብር ከፍሎ ይውሰዳት። ግቢ የሌለውና መንገድ ላይ የሚያቆም ሻጭ ግን ይህን አይሞክር፤ ግብሯ የተሰረዘ መኪና መንገድ ላይ ቆማ ብታድርም ጥፋት ነው።

በዕለቱ ቅደም ተከተሉን ማዛባት ብዙ ሰው ያስቀጣል። ከሁሉ በፊት ኢንሹራንሱ ከመረከቢያው ሰዓት ጀምሮ መያዝ አለበት። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ፣ ኤም ኦ ቲ የሚባለው፣ ከሦስት ዓመት በላይ ለሆናት መኪና ግዴታ ነው። ጊዜው ካለፈ ግብሩን መክፈል አይቻልም፤ የምርመራው ከፍተኛ ክፍያ ለመኪና 54.85 ፓውንድ ነው። ከዚያ ሻጩ በሎግ ቡኩ ላይ ያለውን ባለ 11 አኃዝ የሰነድ ቁጥር ይዞ በኢንተርኔት ሽያጩን ያሳውቃል፤ የገዢውን ስምና አድራሻ ያስገባል፣ ወዲያው የማረጋገጫ ኢሜይል ይደርሰዋል። ለገዢው የሚሰጠው አረንጓዴው ቁራጭ ወረቀት ነው። ከኤፕሪል 2019 ወዲህ በወጣው ሎግ ቡክ ክፍል 6፣ በቀድሞው ደግሞ ክፍል 10 ተብሎ ይገኛል። በእርሱ ላይ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር አለ። ገዢው በዚያ ቁጥር እዚያው ቆሞ በስልኩ ግብሩን ይከፍላል፤ ያልቀለለው ፖስታ ቤት መሄድ ይችላል። ሳይከፍል ቁልፍ አስነስቶ ወደ ቤቱ መንዳት የለበትም፤ ታርጋ የሚያነቡት ካሜራዎች ይህንን ነው የሚጠብቁት።

አዲሱ ሎግ ቡክ በኢንተርኔት ከተላለፈ በ5 የሥራ ቀናት፣ በፖስታ ከሆነ ከዚያ በብዙ ዘግይቶ ይመጣል። ካልመጣና ገዢው አረንጓዴውን ቁራጭ ይዞ ከሆነ ምትኩ በነጻ ነው። ቁራጩን የጣለ ሰው ግን 25 ፓውንድ ይከፍላል። «ደብተሩ ቤት ነው፣ በኋላ እልክልሃለሁ» ከሚል ሻጭ መኪና አይገዛም፤ ያለ ቁራጩ ግብር የሚከፈልበት ቀላል መንገድ የለም።

አከፋፈሉ ላይም ሰው ገንዘቡን ሳያውቀው ያፈሳል። 195 ፓውንድ በአንድ ጊዜ ከተከፈለ 195 ነው። በዳይረክት ዴቢት (ከባንክ ሒሳብ በራሱ በሚቆረጥ ክፍያ) በየወሩ ከሆነ 5 በመቶ ተጨምሮበት በዓመት 204.75 ይሆናል፤ በወር 17 ፓውንድ ከ6 ሳንቲም ገደማ። ስድስት ወር ብቻ በአንድ ጊዜ የሚከፍል 10 በመቶ ተጨምሮበት 107.25 ይከፍላል፤ በዓመት ሁለቴ ከሆነ 214.50። ሚኒካብ ሾፌሮች ዘንድ የተለመደ ሐሳብ አለ፤ «መኪናዋን ልሸጣት ስለምችል ስድስት ወር ብቻ ልክፈል» የሚል። ሒሳቡ ተቃራኒውን ይላል። የዓመቱን የከፈለ ሰው በስድስተኛው ወር መጨረሻ ቢሸጥ 97.50 ይመለስለታል፤ ለስድስት ወር የወጣበት 97.50 ብቻ ነው። ስድስት ወር የከፈለው ግን 107.25 አውጥቷል፣ ከተመላሽ ሒሳብም ጭማሪው አይካተትም። ገንዘቡ እጅ ላይ ካለ የዓመቱን መክፈል ለሚሸጥም ለማይሸጥም ይበጃል።

በዳይረክት ዴቢት የሚከፍል ሰው ግብሩ ዓመቱ ሲያልቅ በራሱ ይታደስለታል። ይህ ምቹ ነው፤ ነገር ግን በእድሳቱ ዕለት ኤም ኦ ቲ ከሌላት እድሳቱ ይቆማል። መኪናዋ ሲሸጥ ዳይረክት ዴቢቱን የሚያስቆመው ለዲቪኤልኤ ማሳወቁ ነው። ባንክ ሄዶ መሰረዝ ከግብሩ አያድንም፤ ዕዳው በሻጩ ስም እንደቆመ ይቀራል።

አድራሻ ሌላው ነው። ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው በሁለት ዓመት ሁለቴ ሊዛወር ይችላል፤ መንጃ ፈቃዱ ላይ አድራሻውን ካስለወጠ ሁሉም የተለወጠ ይመስለዋል። መንጃ ፈቃዱና ሎግ ቡኩ ግን ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው፣ እያንዳንዱ ለየብቻው መለወጥ አለበት። ያልለወጠ ሰው የእድሳት ማስታወሻው፣ ከዚያም የቅጣት ደብዳቤው፣ ቀጥሎም የፍርድ ቤት ጥሪው ለቀድሞ ቤቱ ይሄዳል። አድራሻ አለማስለወጡ ራሱ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል።

ከሁሉ የተሰወረው ስህተት ግን የአካል ጉዳተኛ መኪና ሲገዛ ነው። ከፍተኛውን የመንቀሳቀሻ ድጎማ የሚያገኝ ሰው መኪና ከግብር ነጻ ነች። ገዢው ማስታወቂያው ላይ «ግብር 0» አይቶ መኪናዋ ርካሽ ትመስለዋለች። ነጻ የሆነው ሰውዬው እንጂ መኪናዋ አይደለችም፤ በተሸጠች ጊዜ ነጻነቱ አብሮ ያበቃል። አዲሱ ባለ መኪና የግብር ምድቧን የተሽከርካሪ ግብር በሚያስተናግድ ፖስታ ቤት አስለውጦ በተመዘገበችበት ቀን ሕግ መሠረት ይከፍላል።

መኪናዋን ለወራት የማይነዳ፣ ለምሳሌ አገር ቤት ሄዶ የሚቆይ ሰው ግብር መክፈል የለበትም፤ ግን ዝም ማለትም አይችልም። «ሶርን» የሚባለውን ከመንገድ ውጪ መሆኗን የሚገልጽ ማስታወቂያ ማስገባት አለበት። ክፍያ የለውም፣ የቀሩት ሙሉ ወራትም ይመለሱለታል። መኪናዋ ግን ግቢ ወይም ጋራዥ ውስጥ መሆን አለባት፤ ከቤት ፊት ለፊት ያለ የመንገድ ዳር አይቆጠርም። ሶርን የገባላትን መኪና መንገድ ላይ የነዳ እስከ 2,500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል።

ቅጣቱ ደረጃ አለው። ግብሩም ሶርኑም የሌላት መኪና መዝገብ ላይ ከታየች መጀመሪያ የሚመጣው የ80 ፓውንድ ደብዳቤ ነው፤ በ33 ቀን ውስጥ ከተከፈለ ወደ 40 ይወርዳል። ችላ ከተባለ ጉዳዩ ወደ ክስ ያመራል። መንገድ ላይ ከተገኘች ጎማዋ ይታሰራል፤ ለማስፈታት 100 ፓውንድ፣ ግብር መከፈሉን ማሳየት ካልተቻለ በላዩ 160 ፓውንድ ማስያዣ አለ፣ ማስያዣው ግብሩ በጊዜው ሲከፈል ይመለሳል። በ24 ሰዓት ካልተፈታች ተጎትታ ትወሰዳለች፤ ማስለቀቂያው 200 ይሆናል፣ ለማቆያ በቀን 21 ፓውንድ ይጨመራል። የ20 ፓውንዷ ፕሪየስ ባለቤት ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ይዘነጋዋል፤ ጎማዋ ሲታሰር ግን የሚከፍለው ከ195ቷ ባለቤት ጋር አንድ ነው።

በሚኒካብ ለሚተዳደር ሾፌር አንድ የመጨረሻ ሒሳብ አለ። በዓመቱ መጨረሻ ለገቢ ግብር ወጪውን ሲያቀርብ ሁለት መንገድ ይፈቀድለታል። ትክክለኛ ወጪውን በደረሰኝ የሚያቀርብ ሰው ከዓመታዊው የመኪና ግብር ለሥራ የዋለውን ድርሻ ይቀንሳል። በማይል የሚያስበው፣ ለመጀመሪያዎቹ 10,000 ማይል 45 ሳንቲም ከዚያ በላይ ላለው 25 ሳንቲም የሚቀንሰው፣ የመኪና ግብሩን ለብቻው መጻፍ አይችልም፤ ነዳጁም ኢንሹራንሱም ጥገናውም ግብሩም በ45 ሳንቲሙ ውስጥ ተጠቃሏል። ለአንድ መኪና አንዴ በማይል የጀመረ ሰው ያቺን መኪና እስከያዘ ድረስ በዚያው ይቀጥላል። ስለዚህ የ20 ወይስ የ195 ፕሪየስ የሚለውን ሲመርጥ ይህንንም አብሮ ያስላ፤ በማይል የሚያስብ ሾፌር 175ቱን ፓውንድ ከራሱ ኪስ ነው የሚያወጣው።